መሕጁብ የተቀመጠበት አግዳሚ

በኤሳዊራ ወደብ በር አጠገብ፣ ዓሣ እየተጠበሰ በሚሸጥባቸው ዳሶች ረድፍ፣ ሠራተኛ አይቀመጥም። የተጻፈ ሕግ አይደለም። ጠባሹ መጥበሻ ፍርግርጉ ፊት ቆሞ ይውላል፤ መንገደኛ የሚጠራው ጠሪ በረዶ ላይ ከተደረደረው ዓሣ ፊት ቆሞ ይውላል፤ ዓሣ የሚጠርገው ሰው ከኋላ ባልዲው ላይ ጎንበስ እንዳለ ይመሽበታል። ምሳቸውንም ከፍርግርጉ ኋላ ቆመው፣ ተሰባብሮ ለእንግዳ የማይቀርብ ሰርዲን በዳቦ ጠቅልለው ይበላሉ። ፕላስቲክ የለበሰው ጠረጴዛና ሰማያዊ የተቀባው አግዳሚ የእንግዳ ነው።

የዳስ ባለቤት ሠራተኛውን «ቁጭ በል» ካለው ነገሩ አልቋል። «ከነገ ጀምሮ አትምጣ» ብሎ ፊት ለፊት መናገር በረድፉ ነውር ነው። ስለዚህ ሰውዬው አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፤ ከበረዶው ላይ የዕለቱ ምርጥ ዓሣ ይነሳለታል፤ ቲማቲምና ሽንኩርቱ፣ ዳቦው፣ ሎሚው እንደ ማንኛውም እንግዳ ይቀርብለታል፤ ሒሳብ አይጠየቅም። የሌሎቹ ዳሶች ሰዎች እንዳላዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። በልቶ፣ እጁን ታጥቦ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ አይመለስም።

መሕጁብ ይህን ያወቀው ገና ጢሙ ሳይጠና ነው። ሥራ ያስለመደው ሲ ዓላል የሚባል ጠባሽ ነበር። ሲ ዓላል እያረጀ ሄዶ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ዓሣው ከመቆንጠጫው እያመለጠ ከሰሉ ላይ ይወድቅ ነበር። አንድ ቀን በቀትር የያኔው ባለዳስ፣ የአሁኑ ባለዳስ የሐጅ ቡጀምዓ አባት፣ «ዓላል፣ እስቲ ቁጭ በል» አሉት። ዓሣውን ያቀረበለት መሕጁብ ነው። ሲ ዓላል ቀና ብሎ አላየውም። አጥንቱን እየለየ በላ፤ ጣቶቹን በሎሚ አሸ፤ ሽርጡን አጥፎ አግዳሚው ላይ አኖረና ሄደ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ወደ መስጊድ ሲሄድ እንኳ የወደቡን መንገድ ትቶ በቆዳ ሰፊዎቹ ሰፈር ይዞር ነበር። መሕጁብ ባገኘው ቁጥር እጁን ይስመዋል። ስለ ዳሱ ግን አንስተው አያውቁም።

መሕጁብ ራሱ ጠባሽ አልሆነም፤ ጉሮሮው ጠሪ አደረገው። በየሁለቱ ዳስ መካከል ከመሬት ከፍ ያለ ግራጫ ድንጋይ አለ። መንገደኛው ያን ድንጋይ እስኪሻገር ድረስ የዚህኛው ዳስ ጠሪ ነው የሚያናግረው፤ ሌላው ትንፍሽ አይልም። ከተሻገረ ደግሞ የፊተኛው አፉን ይዘጋል። በዚህ ምክንያት ቢላ የተማዘዙ ሰዎች አሉ። የጠሪ እንጀራ እንግዲህ ያቺ ጥቂት እርምጃ ናት። በእሷ ውስጥ ሰውን በድምፅ ይዞ ማቆም አለበት። መሕጁብ ይዞ ያቆም ነበር። የእያንዳንዱን አገር ሰላምታ፣ የዓሣውን ስምና «ዛሬ የወጣ ነው» የሚለውን ብቻ በየቋንቋው ያውቃል፤ ከዚያ በላይ አልፈለገም። ድምፁ ከነፋሱም ከባሕር ወፎቹም በላይ ይሄዳል። የወደቡ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን እያሰሩ «መሕጁብ ተነስቷል፤ ቀትር ደረሰ ማለት ነው» ይሉ ነበር።

ኤሳዊራ የነፋስ አገር ናት። ብርዱ ካለፈ በኋላ ይነሳና የበጋው ሙቀት እስኪያልቅ ድረስ አያባራም። አሸዋውን፣ ጨውን፣ የፍርግርጉን ጢስ ይዞ ጠሪዎቹ አፍ ውስጥ ይገባል። በዚያ ወራት የረድፉ ጠሪ ሁሉ ድምፁ ይሻክራል፤ ዝናብ ሲመጣ ይመለሳል። ይህን ማንም እንደ ሕመም አይቆጥረውም። «ድምፁ ያልተሰበረ ጠሪ ገና አልጠራም» ይባላል። አዲስ የገባ ጎረምሳ መጀመሪያ ድምፁ የዘጋ ዕለት ባልንጀሮቹ ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ ሻይ ይጋብዙታል።

ስለዚህ የመሕጁብ ድምፅ ነፋሱ ገና ሳይነሳ ሲሻክር፣ የጎረቤቱ ዳስ ጠሪ ሚሉድ ሳቀበት።

«ዘንድሮ ቀደምከኝ» አለው። «ድምፅህ ከወዲሁ የአሮጌ በር ማጠፊያ ሆነ።»

«የሚሠራ ሰው ጉሮሮ እንዲህ ነው» አለ መሕጁብ። «ያንተ ገና የሙሽራ ነው። ማን ሰምቶህ ሊገባ?»

«እኔን በመልኬ ነው የሚገቡልኝ። አንተ ያለህ ጉሮሮ ብቻ ነው፤ አጥብቀህ ያዘው።»

የዳሱ ባለቤት ሐጅ ቡጀምዓ ደግሞ ደስ አለው። ጎርናናው ድምፅ ከሩቅ የሚሰማ፣ የባሕር ሰው ድምፅ ነው። «አሁን ገና በሰልክ» አለውና ከቤቱ ማርና ሎሚ ላከለት። መሕጁብ ማሩን በጦስኝ ውኃ አፍልቶ እየጠጣ ያን የነፋስ ወራት ሁሉ ሲጠራ ከረመ።

ነፋሱ አለፈ። ዝናብ መጣ፤ የሚሉድ ድምፅ ጠራ። የረድፉ ጠሪዎች ሁሉ ድምፃቸው ሲመለስ የመሕጁብ ባለበት ቀረ። የዓመቱ ነፋስ የበረታ ስለነበር ነው ተባለ። ዳቦ ሲውጥ የሚወጋው ነገርም፣ ወደ ጆሮው የሚወጣው ሕመምም የነፋሱ ቅሪት ነው ብሎ ተወው።

ቤት ያለችው ልጁ ኬልቱም ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች፤ በእንፋሎት የቀላ ፊቷን ይዛ ማታ ስትገባ አባቷ ሾርባውን ሳይጨርስ ሲተወው ታያለች።

«አባዬ፣ ሐኪም ዘንድ እንሂድ» አለችው።

«ለነፋስ ሐኪም የለውም።»

«ነፋሱ እኮ ቆሟል።»

«እዚህ የገባው አልቆመም» አለና ጉሮሮውን ነካ። እንዲስቁ ብሎ ነው። እሷ አልሳቀችም።

በማግሥቱ ጠዋት ያላመጠው ዳቦ ላይ ደም አየ። እሷም አየች።

ማራኬሽ ያገኙት ሐኪም የመሕጁብን ልጅ የሚያህል ሰው ነበር። በቀጭን ቱቦ ጉሮሮውን አይቶ፣ ቁራጭ ወስዶ፣ ውጤቱ ሲመጣ እንደገና አስጠራቸው።

«ድምፅዎ ከሻከረ ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ካለፈው ነፋስ በፊት ጀምሮ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ምነው ዝም አሉ?»

«ሁላችንም እንደዚሁ ነን። ነፋስ ነው።»

ሐኪሙ አልተቆጣም። ማንቁርቱ ላይ የበቀለው ነገር ያኔ ተገኝቶ ቢሆን በጨረር ብቻ ሊጠፋ ይችል እንደነበር፣ አሁን ግን ማንቁርቱ በሙሉ መውጣት እንዳለበት፣ ከዚያ በኋላ አንገቱ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ እንደሚተነፍስ ቀስ ብሎ ነገራቸው።

«ቢቀርስ?» አለ መሕጁብ።

«ቢቀር የሚመጣውን ዓመት አያዩም።»

«ድምፅ ይተርፈኛል?»

«እስካሁን በነበረው መንገድ፣ አይተርፍም። ሹክሹክታም ቢሆን።»

በአውቶቡስ ሲመለሱ ኬልቱም እጁን ይዛ ነበር። ሜዳው ላይ የተበታተኑት ዛፎች በመስኮቱ ያልፋሉ።

«ትኖራለህ እኮ» አለችው።

«ቁጭ እባላለሁ።»

የረድፉ ልጅ ናትና ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠፋትም። «ብትባልስ?» አለች። «እኔ እሠራለሁ።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። እስከ ከተማው መግቢያ ድረስ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያሰላስለው፤ ማንም ሳያውቅ ለቀዶ ሕክምናው እንዴት ሄዶ እንደሚመለስ። ሞቱን የፈራውን ያህል፣ ከዚያም አብልጦ፣ ያችን ቃል ፈራ። ጠሪ ባይሆን ሌላ ነገር ይሆናል፤ ዓሣ ይጠርጋል፣ ከሰል ያራግባል፣ ወለል ያጥባል። ከዳሱ እስካላስወጡት ድረስ ያው የዳሱ ሰው ነው።

ረመዳን ተቃርቦ ነበር። በጾሙ ወር ዳሶቹ ቀን ቀን ስለሚዘጉ ማንም ማንን አይፈልግም። ለሐጅ ቡጀምዓ፣ ሳፊ ከተማ ያለው ወንድሙ ስለታመመ ሊጠይቀው እንደሚሄድና ለበዓሉ እንደሚመለስ ነገረው። ሐጁ አመነው፤ ለወንድሙም ዱዓ አደረገለት።

ከጾሙ በፊት በነበረው የመጨረሻ ቀን ገበያው ቀዝቃዛ ነበር። መሕጁብ ዓሣው ፊት ቆሞ አብዛኛውን መንገደኛ ዝም ብሎ አሳለፈ። ያለውን ድምፅ የሚቆጥብ ይመስል ነበር። በኋላ አንድ ሽማግሌና ሚስቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ድንጋዩን ተሻገሩ። «ዛሬ የወጣ ነው፤ ግቡ» አላቸው። ገቡ። ሰርዲን አዘው በዝምታ በሉና ሄዱ።

ሚሉድ ከወዲያ ማዶ ሲያየው ውሏል። «ምነው ዛሬስ ጨርሶ ዘጋህ?» አለው።

«ነፋሱ ነው» አለ መሕጁብ።

ረድፉ ላይ ከእሱ የተሰማ የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው።

በዓሉ አልፎ ዳሶቹ ሲከፈቱ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ መጣ። በረዶው ላይ ዓሣው እንደ ድሮው ተደርድሯል። ጎንበስ አለና ዶራድ ከሚባለው ውድ ዓሣ አንዱን አንስቶ ስንጥቡን ገልጦ ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ምንም አልሸተተውም። ጢሱም፣ የወደቡ ዝቃጭም፣ የተቆረጠው ሎሚም አልሸተተውም። ትንፋሹ አሁን በአፍንጫው አያልፍም። ሐኪሙ ይህንንም ሳይነግረው አልቀረም፤ እሱ ያን ዕለት የሰማው ስለ ድምፁ ብቻ ነበር።

ሐጅ ቡጀምዓ ሻርፑን አየ። መሕጁብ በጣቱ ገለጥ አድርጎ አሳየው። ሐጁ ዓይኑን ቶሎ መለሰ።

«አላህ ያሽርህ» አለ። ቀጥሎም «ከኋላ ባልዲው ጋ ሁን፤ ዓሣ ጥረግ» አለው።

መሕጁብ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነ። ሚሉድ ከማዶ አንድ ቀልድ ሊወረውር አፉን ከፍቶ ነበር፤ መልስ እንደማይመጣ ሲያስበው አፉን ገጠመና ወደ መንገደኛው ዞረ።

ጥሪውን ሐጁ ራሱ ያዘው። አይችልበትም። የሀብታም ሰው አጠራር ነው፤ የሚለምን ይመስለዋልና ድምፁን ያሳንሳል፤ የተረፈውን ነፋሱ ይወስድበታል። መንገደኛው ድንጋዩን ተሻግሮ ወደ ሚሉድ ይሄዳል። በቀትር የመሕጁብ ዳስ አግዳሚዎች ባዶ ሆነው መታየት ጀመሩ። መሕጁብ ከባልዲው ላይ ቀና እያለ ያያል፤ በየትኛው እርምጃ ላይ ምን መባል እንደነበረበት ያውቃል፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

አንድ ቀን ነፋሱ ዞረና የፍርግርጉን ጢስ ወደ ኋላ ገፋው። በአንገቱ ቀዳዳ ገባ። ሲያስል አፉን በእጁ መሸፈን ልማዱ ነው፤ እጁ አፉ ላይ እያለ ሳሉ በአንገቱ ወጣ፤ ሻርፑን ገፍቶ ጠራርጎ ያስቀመጠው፣ ካላማር የሚሉት አጥንት የለሽ የባሕር ሥጋ ላይ አረፈ። አጠገቡ ባለው ጠረጴዛ የነበረችው ሴት ዳቦዋን አስቀመጠች። ባሏ ሒሳብ ጠየቀ። ሐጅ ቡጀምዓ ገንዘቡን ሲቀበል ወደ ኋላ አላየም።

በማግሥቱ በቀትር ሐጁ ባልዲው ጋ መጣና ቆመ። ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም።

«መሕጁብ» አለ። «እስቲ ቁጭ በል።»

መሕጁብ ቢላውን ውኃ አስነካና አስቀመጠ። እጁን ታጠበ። በጠረጴዛዎቹ መካከል ሲያልፍ የት እንደሚቀመጥ ግራ ገባው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን እንግዳ አስቀመጠ እንጂ ራሱ ቦታ መርጦ አያውቅም። ፊት ያለው፣ መንገዱን የሚያየው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። አግዳሚው ካሰበው በላይ ዝቅ ያለ ነበር። ሚሉድ ጀርባውን ሰጠ። ከእሱ ቀጥሎ ያሉትም እንዲሁ አደረጉ።

ዶራዱን ሐጁ ራሱ መረጠ፤ ከበረዶው ላይ ከዚያ የሚበልጥ አልነበረም። ጠባሹ በከሙንና በጨው አሽቶ፣ ቆዳው እስኪፈነዳ ጠብሶ አቀረበለት። መሕጁብ ይህን ዓሣ በስንት ቋንቋ አሞግሶታል። አሁን ቆርሶ አፉ ሲያደርገው ጨውና የሎሚው ጎምዛዛነት ብቻ ደረሰው፤ ሌላው ትኩስ ጥጥ ነው። ሲውጥ ጉሮሮው ያዘበት። ሲ ዓላል ለምን ቀና ብሎ እንዳላየው ገባው።

ይሁን እንጂ ዓይኑ ከመንገዱ አልተነቀለም። ከካዛብላንካ የመጡ የሚመስሉ ባልና ሚስት፣ ከአንዲት አሮጊት ጋር፣ ዳሱ ፊት ዝግ አሉ። ሐጁ የሆነ ነገር አላቸው፤ ነፋሱ ወሰደው። ወደ ድንጋዩ ማለፍ ጀመሩ። በረድፉ የታወቀ ነገር ነው፤ ባዶ ጠረጴዛ ሰው ያባርራል፣ የሚበላ ሰው ሰው ይጠራል። መሕጁብ አስቦ አላደረገውም። ከዓሣው ጎን ነጩን ሥጋ ፈልቅቆ፣ እንፋሎቱ እንዲታይ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ሎሚ ጨመቀበት፤ ጎረሰና ምንም እንደማያመው ሰው ዓይኑን ጨፈነ።

አሮጊቷ ቆመች። «ያ ሰውዬ የሚበላውን ነው እኔ የምፈልገው» አለች።

ገቡ። እነሱን አይተው ሌሎች ገቡ። መሕጁብ አጥንቱን ሲጨርስ ከአጠገቡ ያሉት አግዳሚዎች ሞልተው ነበር። ተነስቶ ሽርጡን ፈታ፤ አጥፎ አግዳሚው ላይ ሲያኖረው ሐጅ ቡጀምዓ ደረሰ። ሐጁ ጠረጴዛዎቹን ዞር ዞር ብሎ አየ። መሕጁብን አየ። የተቀመጠበትን ቦታና መንገዱን አየ።

«ነገም ና» አለው። «ከቀትር በፊት። እዚሁ ተቀመጥ።»

መሕጁብ ያልሰማ መስሎት ራሱን ወደ እሱ አስጠጋ።

«ደመወዝህ አይቀርም። ሽርጡን ተወው፤ አያስፈልግህም። ደህና ጃኬት የለህም?»

እንዲህ ያለ ነገር በረድፉ ተሰምቶ አያውቅም። ቁጭ የተባለ ሰው ይሄዳል፤ ሄዶ ይከበራል። ሚሉድ ሰምቷል። «እንግዲህ በላሃ፣ ዕድለኛ ነህ…» ብሎ ጀመረና በረዶው ላይ ያለውን ዓሣ ወደ ማስተካከል ዞረ።

መሕጁብ በማግሥቱ መጣ።

ከዚያ ወዲህ በቀትር በዚያ ያለፈ ሁሉ አይቶታል። ኬልቱም ለበዓል የገዛችለትን ጃኬት ለብሶ፣ ንጹሕ የሐር ሻርፕ አንገቱ ላይ አስሮ፣ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሰርዲን፣ ቀጥሎ ዶራድ፣ ሰው ሲሳሳ ሸርጣን ይቀርብለታል፤ ሸርጣን ለመፈልፈል ጊዜ ስለሚወስድ ሐጁ ይወደዋል። ያን ሁሉ መዋጥ አይችልም። ያላምጥና አፉን የሚጠርግ መስሎ በወረቀቱ ይተፋዋል፤ ወረቀቱን ጨብጦ ከጠረጴዛው ሥር ይጥላል። ዓይን የሚጨፍንበትን ጊዜም ለይቷል። ቱሪስቶች ፎቶ ያነሱታል። ሰውነቱ ግን እየከሳ ሄደ፤ ጃኬቱ ትከሻው ላይ ሰፋ። ሐጁ ይህንንም አየና አንገቱን በሻርፑ ሞላ አድርጎ እንዲያስር ነገረው።

ለልጁ የነገራት ከኋላ ዓሣ እንደሚጠርግ ነበር፤ እጁን እንደ ቢላ እያንቀሳቀሰ። ጃኬቱን የሚለብሰው እሷ ሥራ ከሄደች በኋላ ነውና አመነች።

ልብስ ማጠቢያው ውስጥ አንዲት ባልደረባዋ አንሶላ እያጠፈች «አባትሽ አለፈለት አሉ» አለቻት። «በየቀኑ ወደብ ላይ ነው የሚበላው። ደግሞ ዶራድ። እኛ ሽታውም አልደረሰን።»

«ማን አለ?»

«አገሩ ሁሉ አይቶታል። ምን አግኝቶ ነው? ለእኛም ንገሪን እንጂ።»

ኬልቱም የያዘችውን የአንሶላ ጫፍ አጥፋ ሰጠቻትና ፈቃድ ጠይቃ ወጣች።

በሚሉድ ዳስ በኩል መጣች። ሚሉድ ፊቷን ሳያይ «እመቤቴ፣ ግቢ፣ ዛሬ የወጣ ነው» ብሎ ጀምሮ ነበር፤ ሲለያት አፉን ዘጋ። ግራጫው ድንጋይ ጋ ስትደርስ ቆመች። አባቷ ከፊት ለፊቷ ተቀምጧል። ከንፈሩ በዘይት ያብለጨልጫል። ከጠረጴዛው ሥር የተጨባበጡ ወረቀቶች ተከምረዋል። ከእሱ አጠገብ፣ በረዶው ፊት፣ ሁለት የውጭ አገር ሰዎች ለመግባትም ለማለፍም እያመነቱ ነበር።

መሕጁብ አያት። እጁ ዓሣውን እንደያዘ በአየር ላይ ቀረ። ሐጅ ቡጀምዓ ከፍርግርጉ ጋ እያየው ነው። ሁለቱ ሰዎች ወደ ድንጋዩ አንድ እርምጃ ተራመዱ።

መሕጁብ ጎረሰ፤ ዓይኑንም ጨፈነ።

ሲገልጠው ሰዎቹ አግዳሚው ላይ እየተቀመጡ ነበር። ድንጋዩ አጠገብ ማንም የለም።

ማታ ቤት ሲገባ ኬልቱም ምግብ ሠርታ ነበር።  ሾርባውን ቀድታ ምንጣፉ ላይ ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አኖረችለት፤ አጠገቡም ትራስ አስተካከለችና «ቁጭ…» ብላ የቀረውን ዋጠችው።

መሕጁብ ጎንበስ ብሎ ሳሕኑን አነሳ። የወጥ ቤቱን መቃን ተደግፎ፣ እንደቆመ፣ በጥቂት በጥቂቱ ጠጣው። እስኪጨርስ ድረስ እሷም አልተቀመጠችም።